ፎቶው ለምን ጠቆረ?

የካቲት 23 ቀን፣ በዓድዋ ድል በዓል፣ ፒያሳ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለው የምኒልክ አደባባይ በሰው ሲሞላ ካሜራ ወይም ስልክ ያልያዘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ቀን ከሚነሱት ፎቶዎች ሁለት ዓይነቶቹ ይበዛሉ። አንደኛው ከታች ሆኖ በማንጋጠጥ የሚነሳው የአፄ ምኒልክ ሐውልት ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተነቅሎ ተቀብሮ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰው የነሐስ ፈረሰኛ። ሁለተኛው ነጭ በነጭ ለብሶ ሐውልቱን የከበበው ሕዝብ ነው። ቤት ተገብቶ ፎቶዎቹ ሲታዩ ታዲያ፣ በመጀመሪያው ንጉሡም ፈረሱም ጥቁር ጥላ ብቻ ሆነው ይገኛሉ። በሁለተኛው ደግሞ የበዓሉ ልብስ ሳሙና አይቶ የማያውቅ ይመስል ግራጫ ሆኗል፤ ፊቶቹም ጠቁረው ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ባለካሜራው በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ካልሆነም ሌንሱ አርጅቷል። ከዚያ ጠጋኝ ማፈላለግ፣ አለዚያም ውጭ አገር ያለ ዘመድ አዲስ እንዲልክ መለማመጥ ይከተላል። የእኔ ክርክር ፍርዱ ከምርመራው ይቀድማል የሚል ነው። የብርሃን ስህተት ሁሉ አንድ ምንጭ የለውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስህተት የሚከተለው ነገር አለው። አንዳንዱ ከፊት ለፊት ያለውን ነገር ይከተላል፤ ነጭ ሲበዛ ይመጣል፣ ነጩ ሲቀንስ ይሄዳል። አንዳንዱ ሌንሱን ይከተላል፤ ሌንሱ ሲነቀል አብሮት ይነቀላል። ሌላው ካሜራው ውስጥ ይቀመጥና የትኛውም ሌንስ ቢገጠምለት አይለቅም። ይህን ሳይለዩ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ጤነኛ ዕቃ ማስፈታት ነው፤ የተፈታ ካሜራ ደግሞ እንደነበረው ተመልሶ ለመገጠሙ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ከሁሉ የሚበዛው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ በእሱ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ሰው፣ ልብስ፣ ሰማይ ብሎ አይለይም። የሚያውቀው ወደ ሌንሱ የሚገባውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል፤ ይህ ግራጫ ካረፈበት ብርሃን ከ12 እስከ 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነገር ማለት ነው። ለአብዛኛው የመንገድ ላይ ፎቶ ግምቱ ያስኬዳል፤ ግድግዳው፣ አስፋልቱ፣ ዛፉና ሰው ተደባልቀው ወደዚያው ይጠጋሉና። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ግን ካረፈበት ብርሃን ከአሥር ዘጠኝ እጁን ያህል ሊመልስ ይችላል። አደባባዩ በነጭ ሲሞላ መለኪያው «ብርሃኑ በዛ» ይልና ይቀንሳል፤ ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ ጠይሙ ፊት አብሮ ወደ ጥቁረት ይወርዳል። ሐውልቱ ላይም የሆነው ይኸው ነው። ከፎቶው አብዛኛውን ቦታ የያዘው ብሩህ ሰማይ ስለሆነ መለኪያው ለሰማዩ ፈረደ፣ ነሐሱን ረሳው። ሁለቱ ፎቶዎች ላይ ካሜራው የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ትበቃለች። ከጊዮርጊስ ቅጥር ውጭ ጥላ ሥር ቆማለች እንበል። ነጠላዋን ከራሷ እስከ ወገቧ ተከናንባ ስትነሳ የፎቶው አብዛኛው ክፍል ነጭ ነው፤ ፊቷ ይጠቁራል። ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ካሜራው ወደ ፊቷ ቀረብ ሲል፣ አሁን ፎቶውን የሞላው ጠይም ቆዳና ጥቁር ፀጉር ነው፤ መለኪያው «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ይጨምርና ፊቷ ከተፈጥሮዋ ይቀላል፣ ግንባሯና የአፍንጫዋ ጫፍ ነጥቶ ይታያል። ሴቷ ያው፣ ጥላው ያው፣ ካሜራው ያው፤ የተለወጠው የነጠላው ቦታ ነው። እንዲህ የሚለዋወጥ ስህተት የዕቃ ብልሽት ሊሆን አይችልም። መድኃኒቱም ካሜራው ላይ አለ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ለተከናነበችው አንድ ስቶፕ መደመር፣ ማለትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ ጥሩ መነሻ ነው፤ ፊቷ ፎቶውን ለሞላው ደግሞ ግማሽ ስቶፕ ያህል መቀነስ። ለሐውልቱ እስከ ሁለት ስቶፕ መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰማዩ ነጥቶ ይጠፋል፣ ንጉሡ ግን ይታያሉ። ከሁለቱ የትኛው ይቅር የሚለውን መወሰን የፎቶ አንሺው ፋንታ ነው፤ ካሜራው ይህን ሊመርጥ አይችልም።

እዚህ ላይ ልምድ ያለው ሰው «እኔ በማኑዋል ስለማነሳ ይህ አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። በሰርግና በምርቃት ፎቶ አንሺዎች ዘንድ በጣም የተለመደ እምነት ነው፤ ግማሽ እውነት ያለው መሆኑ ደግሞ አደገኛ ያደርገዋል። ማኑዋል የሚያድነው ሰውየው ከመለኪያው የተለየ ውሳኔ ሲወስን ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚያደርገው በመስኮቱ ሥር ያለችው መርፌ ዜሮ ላይ እስክትቆም ፍጥነቱንና ቀዳዳውን ማዟዟር ነው። መርፌዋን የሚያንቀሳቅሳት ያው መለኪያ ነው፤ ነጠላው ፊት ዜሮ ላይ ብትቆም የሚወጣው ያው ግራጫ ነው። እንዲያውም ካሜራው ራሱ በቅጽበት የሚያደርገውን ስህተት በእጅ፣ በድካም መድገም ይሆናል። ማኑዋል የሚያስመሰግነው ብርሃኑ በማይለዋወጥበት ቦታ ነው። ጥላ ሥር ለፊት የሚስማማው መጠን አንዴ ከተገኘ፣ ነጠላም ጥቁር ሱፍም የለበሰ ቢመጣ ውጤቱ አይናወጥም።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ችግሩን ያከብደዋል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ በየካቲት 23 እንኳ ስድስት ሰዓት ላይ ከ70 ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች። ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን ግንባርን አብርቶ የዓይን ጉድጓድን ያጨልማል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ደግሞ ብርሃን በትኖ ጥላውን የሚያለዝበው ነገር አነስተኛ ነው። በዚህ ላይ ሌላ አታላይ ይጨመራል፤ የካሜራው ስክሪን። በቀትር ፀሐይ ስክሪኑ ጨለም ስለሚል ደህናው ፎቶ የጠቆረ ይመስላል፤ ባለካሜራው ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ማታ ቤቱ ሲያየው ሁሉም ነጥቷል። ማታ ፒያሳ ላይ ተቃራኒው ይሆናል፤ በጨለማ ስክሪኑ ስለሚያበራ የጠቆረው ፎቶ ደህና ይመስላል። ለዚህ ሂስቶግራም የሚባለው ግራፍ ይሻላል፤ በፀሐይም በጨለማም አይለዋወጥም። ክምሩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ተጠግቶ ከተቆረጠ ነጩ ጠፍቷል፤ ግራው ላይ ከተደፋ ጥቁሩ ጠፍቷል። ለመማር ከባድ ነው የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው።

ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚወስዱ ሰዎችም አሉ፤ ፊታችን የሚጠቁረው ካሜራው ለእኛ ስላልተሠራ ነው ይላሉ። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ታሪክ ይደግፈዋል። የኮዳክ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚባለው የቀለም ማስተካከያ ፎቶ ለረዥም ዘመን የነጭ ሴት ምስል ነበር፤ የቆዳ ቀለም በእሷ ይለካ ነበርና ጠይም ፊት ቢጠፋም ማሽኑ «ትክክል ነው» ይል ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 በፒክስል 6 ስልኩ ላይ የጠይም ቆዳን አነሳስ የሚያሻሽል ሥራ ማቅረቡ ራሱ ክፍተቱ እስከ ቅርብ ጊዜ እንዳልተዘጋ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የፒያሳን ግራጫ ነጠላ አያብራራም። መለኪያው የነጭን ሰውም ፊት በነጭ ልብስና በበረዶ ውስጥ ያጠቁራል። በሌላ በኩል በዚህች ከተማ የጠይም ሰው ፊት በግልጽ መነሳት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነት የሚታወቁት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያቸውን የወረሱት ልጆቻቸው ነገሥታቱንና መኳንንቱን ነጭ ሸማና ጥቁር ካባ እንደለበሱ አንስተዋል። ቤድሮስ ሲጀምሩ አብሮ የተሠራ መለኪያ ያለው ካሜራ አልነበረም፤ የሚያበዛና የሚያሳንሰው የፎቶ አንሺው ዓይን ነበር። ያ ዓይን ነጭን ነጭ ብሎ ያውቀዋል። እኛ ያጣነው ይህን ይመስለኛል።

የዛሬው የጉርድ ፎቶ ቤት ይህን ልማድ ሳያውቀው ጠብቆታል። መብራቱ አንድ ቦታ የቆመ ነው፣ ወንበሩ አይነሳም፣ ካሜራው አንዴ ተስተካክሎ ይቀመጣል፤ የመጣው ሰው ምን ቢለብስ ቁጥሩን የሚነካ የለም። ስለዚህ ከፎቶ ቤቱ የወጣው ጉርድ ደህና ሆኖ በዚያው ካሜራ ደጅ የተነሳው ሲበላሽ ሰው ይገረማል። ሊገርም አይገባም፤ ውስጥ የወሰነው ሰው ነው፣ ደጅ የወሰነው መለኪያው ነው።

«አዲሶቹ ካሜራዎች ፊት ይለያሉ፣ የቀረውም በኮምፒውተር ይስተካከላል» ለሚለው መልሱ ከፊል አዎ ነው። መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች ፊትን አግኝተው ለእሱ ይለካሉ፤ ውጤቱንም ከመነሳቱ በፊት ያሳያሉ። ስልክም በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስቶ ስለሚያዋህድ ሰማዩንም ፈረሱንም ያሳያል፤ ውድ ካሜራ የያዘ ሰው ከጎኑ ባለው ስልክ የሚያፍረው በዚህ ምክንያት ነው። ሐውልት ግን ፊት ተብሎ ላይታወቅ ይችላል፤ ጀርባውን የሰጠ ሰልፈኛም እንዲሁ። የኮምፒውተሩ ነገር ደግሞ በፋይሉ ዓይነት ይወሰናል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። በ14 ቢት የተቀመጠ ሮው ግን 16,384 ደረጃ ስላለው የጠቆረን ፊት ብዙ ሳይቆሽሽ ማንሳት ይቻላል። ነጥቶ የጠፋ ነጠላ ግን በየትኛውም ፋይል አይመለስም፤ ጥለቱ አልተመዘገበም፣ ያልተመዘገበውን ማንም ኮምፒውተር አያመጣውም። በዚያው ቀን አትሞ የሚሰጥ ፎቶ አንሺ ደግሞ የሚያነሳው በጄፔግ ነው። ሌላም አለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳ በከፊል ፈርሳለች። የድሮው ፎቅ በጠቆረ ፎቶ ብቻ ተይዞ ከሆነ፣ ተመልሶ ላንሳው ማለት አይቻልም።

ስህተቱ ፊት ለፊት ያለውን ነገር የማይከተል ከሆነ፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ተረስቶ የቀረ ቁልፍ ነው። ትናንት ለሐውልቱ የተደመረው ሁለት ስቶፕ ዛሬም እዚያው ካለ ሁሉም ፎቶ ይነጣል። ሦስት ፎቶ በተከታታይ ሲነሳ አንዱ ደህና፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ እየሆነ የሚዞር ከሆነ ብራኬቲንግ የሚባለው በርቷል። መለኪያው መሐል ያለችውን ነጥብ ብቻ እንዲያይ ተደርጎ ከቀረ ደግሞ ካሜራው አንድ ጣት ወደ ግራ ሲል ፎቶው ይገለባበጣል። እነዚህን ለማጣራት ካሜራውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ ይበቃል፤ ጠጋኝም የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው።

ቤት ውስጥ የሚታይ አንድ ስህተት አለ፤ ብዙ ካሜራ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስበት። ኤሌክትሪካችን በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ የኤልኢዲ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይደክማል። ዓይን አያየውም፤ ለ1/500 ሰከንድ የሚከፈት ሹተር ግን አንዴ ብርታቱን፣ አንዴ ድካሙን ይይዛል። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ካንድ ቦታ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎች ብርሃናቸውም ቀለማቸውም ይለያያል። ፍጥነቱን ወደ 1/100 ወይም 1/50 ማውረድ ችግሩን ያጠፋዋል። ፍላሽም የራሱ ምልክት አለው። የፎቶው አንድ ጎን በጥቁር ጥላ ከተጋረደ ፍጥነቱ ፍላሹ ከሚችለው፣ ማለትም በአብዛኛው ከ1/200 ወይም ከ1/250፣ አልፏል። የመጀመሪያው ፎቶ ደህና ሆኖ ተከታዮቹ ከጠቆሩ ባትሪው ደክሟል፤ ፍላሹ ሳይሞላ እየተተኮሰ ነው።

አሁን ሌንሱ። በመጀመሪያ ያልተበላሸውን ሌንስ ነጻ እናውጣ። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሌንስ ጠርዙ ላይ ከ3.5 እስከ 5.6 የሚል ቁጥር አለው። ይህ ማለት ሌንሱ በ18 ሲሆን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 3.5 ይከፈታል፣ ወደ 55 ሲሳብ ግን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም ማለት ነው። በማኑዋል ያለ ሰው በ18 አስተካክሎ ወደ 55 ቢስብ የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ፎቶው ይጠቁራል፤ «ዙም ሳደርግ ይጨልማል፣ ሌንሱ ሄዷል» ይባላል። ሌንሱ የትም አልሄደም።

እውነተኛው የሌንስ ብልሽት ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው፣ በመንጣት ይታያል። መስታወት ባላቸው ካሜራዎች ላይ ሌንሱ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይቆያል፤ ዓይናችን ብሩህ ምስል እንዲያይና መለኪያውም እንዲለካ ነው። ኤፍ 11 ብለን ብንመርጥ እንኳ ውስጡ ያሉት ስስ የብረት ቅጠሎች ወደዚያ ቁጥር የሚዘጉት ሹተሩ በሚከፈትባት ቅጽበት ብቻ ነው። ቅጠሎቹ ላይ ዘይት ከወጣ ወይም የሚያንቀሳቅሳቸው ክፍል ከደከመ ይዘገያሉ፣ ወይም ጭራሽ አይዘጉም። መለኪያው ይዘጋሉ ብሎ አስልቷል፤ ስላልተዘጉ ብርሃኑ ይበዛል። መታወቂያው እንግዲህ ይህ ነው፦ በኤፍ 2.8 ደህና፣ በኤፍ 5.6 ትንሽ የነጣ፣ በኤፍ 16 ጭራሽ የተቃጠለ። ልብስ፣ ሰማይ፣ ጥላ አይለውጡትም፤ የሚከተለው የቀዳዳውን ቁጥር ብቻ ነው። የሌንሱና የካሜራው መገናኛ የሆኑት ወርቃማ ነጥቦች ሲቆሽሹ ደግሞ ካሜራው ለሌንሱ የሚሰጠው ትእዛዝ ይቆራረጣል፤ ካነን ካሜራዎች ላይ «ኢረር 01» የሚለው መልእክት የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ አንዳንዴ ብቻውን ይፈታዋል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ጥላ ውስጥ ያለ አንድ ወጥ ግድግዳ ብቻ ነው። ቀዳዳውን እኛ መርጠን ፍጥነቱን ካሜራው የሚመርጥበት ሞድ ላይ አድርጎ፣ ያንኑ ግድግዳ ከትልቁ ቀዳዳ እስከ ትንሹ ደረጃ በደረጃ ማንሳት ነው። ካሜራው ፍጥነቱን እየቀየረ ስለሚያካክስ ፎቶዎቹ ሁሉ እኩል መሆን አለባቸው። እየነጡ ከሄዱ ሌላ ሌንስ ገጥሞ መድገም፤ ስህተቱ ከጠፋ ጥፋተኛው የመጀመሪያው ሌንስ ነው። ከቀጠለ ወይም በ1/2000 እና በ1/4000 ላይ ብቻ የፎቶው አንድ ጎን ከጨለመ ነገሩ ካሜራው ውስጥ ነው፤ የኋለኛው ከሆነ የሹተሩ መጋረጃዎች እኩል አይሮጡም። ይህኛው በእርግጥ የጠጋኝ ሥራ ነው፤ ለጠጋኙም «ፎቶ ያጠቁራል» ከማለት የሙከራ ፎቶዎቹን ማሳየት ይሻላል፤ የተቀረውን ዕቃ ሳይነካ ቦታውን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ይህን ሙከራ ከገንዘቡ በፊት ማድረግ አለበት፤ የፊት መስታወቱን ጭረት ማየት ብቻውን አይበቃም። ጭረት በፎቶ ላይ ብዙም አይታይም፣ የደከመ ቅጠል ግን እያንዳንዱን የቀትር ፎቶ ያበላሻል። የሱቅ ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ሰው ሌንሱን የሚሞክረው እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው፤ የታመመ ሌንስ ደግሞ ጤነኛ መስሎ የሚታየው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። ሻጩን አስፈቅዶ ደጅ ወጥቶ፣ ማዶ ያለውን ግድግዳ በኤፍ 4 እና በኤፍ 16 ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደጅ አላስወጣም ካለ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ሌላ ሱቅ መጠየቅ ነው።